የፎቁ ተሸካሚ

ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ አዴት ላለችው ልጄ፣

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? የአዴት ብርድ ከእኛው እንደሚብስ አውቃለሁና ጉሮሮሽ እንደ ልጅነትሽ እንዳያስቸግርሽ እሰጋለሁ። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ጎረቤታችን ያምሮት በየሁለት ቀኑ ብቅ እያለች «ጋሼ፣ በልተዋል?» ትለኛለች። በልቻለሁ እላታለሁ። አንዳንዴ እውነቴን ነው።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ስልክማ አለ፤ ግን አንድ ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሲሠራም ቢሆን ድምፄን ስትሰሚ ምን እንደምታደርጊ አላውቅም። ባለፈው ጥር አንድ ሰው ደውሎልሽ «ማን ልበል?» ስትይ ዘግቶብሽ ነበር፤ ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ወረቀት ግን ብትቀጅው እንኳ መጀመሪያ ዓይንሽ ያርፍበታል። ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሰው አቤቱታ ስመዘግብ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ አፌ ያልቻለውን እጄ ይችለው እንደሆነ ልሞክር።

እናትሽ ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ለቀብሯ መጥተሽ ከሴቶቹ መሐል ቆመሽ እንዳለቀስሽ፣ ወደ እኔም ሳትመጪ በዚያው ቀን መኪና እንደተሳፈርሽ አይቻለሁ። አልወቅስሽም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቱ ሰፍቶብኛል። ምድር ቤቱ እኔ፣ ፎቁ ላይ ያንቺ ባዶ ክፍል። አንድ ኩባያ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ አጥቤ እደፋለሁ። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ የሚያወራው ሰው ግን መልስ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የምጽፍልሽ ስለ ፎቁ ነው።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ያቺን የላይኛዋን ክፍል የሠራነው አሥራ ሦስት ዓመትሽ ላይ፣ ማጥኛ ቦታ የለኝም ብለሽ እናትሽን ባስቸገርሻት ጊዜ ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ታች ተጋድሜ ቀና ስል ኮርኒሱ መሐሉ ላይ ወደ እኔ የወረደ መሰለኝ። ዓይኔ ነው ብዬ ተውሁት። በሳምንቱ የክፍልሽ በር አልዘጋ አለ። አናጢውን ላቀውን ጠራሁት፤ ያኔ ፎቁን የሠራልን እሱ ነበር። ኮርኒሱን ቀዶ ወለሉን የተሸከመውን አግዳሚ በመሮ ቢወጋው መሮው እስከ እጀታው ገባ። ምስጥ ውስጡን ጨርሶት ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

ላቀው ከመሰላሉ ወርዶ እጁን አራገፈና «ጋሼ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይፍረስ። ለአንድ ሰው ምድር ቤቱ ይበቃል» አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም። ግን «ለአንድ ሰው» ሲለኝ አይፈርስም አልሁት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አይፈርስም ብቻ አልሁት። እሱም ጥቂት አሰበና እንጨት በእንጨት ቢቀየር ምስጡ ተመልሶ እንደሚበላው፣ የሚያዋጣው ከስሩ ብረት ማስገባት እንደሆነ፣ ለዚህ ደግሞ የተካነ በያጅ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ።

ይህን በተባባልን በአምስተኛው ቀን ያምሮት መጥታ «ከወደ አዴት አንድ ጎበዝ በያጅ አለ ብለውኛል፣ ላስጠራልዎ?» አለችኝ። አዴት ስትል አንቺን አሰብሁ። ግን አዴት ትልቅ ከተማ ነው፤ ስንት ሰው ይኖርበታል ብዬ ጥሪው አልኋት።

ግንቦት አራት ቀን መጣ። ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝና ስሙን ምስክር አለኝ። አገሩን ብጠይቀው «ከላይ ከደጋው ነኝ» ብሎ አለፈው። ፎቁን ልየው ብሎ ደረጃውን ሲወጣ ከኋላው ነበርሁ። አራተኛዋን ደረጃ ሳይረግጥ ተሻገራት። አራተኛዋ ደረጃ የላላች መሆኗን የምናውቅ አንቺ፣ እናትሽና እኔ ብቻ ነን። አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍሁት። ክፍልሽ ገብቶ ወለሉን ከመርገጡ በፊት ጫማውን አወለቀ። ይህም ገረመኝ፤ በያጅ ጫማ ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም።

ሥራውን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት ወፋፍራም ብረት አግድም ይገባል። የእያንዳንዱ ጫፍና ጫፍ በብረት ቋሚ ላይ ይቀመጣል፤ ቋሚዎቹ ደግሞ መሬት ተቆፍሮ በተሞላ ሲሚንቶ ላይ ይቆማሉ። ያ ሁሉ እስኪቆም ድረስ ወለሉን በእንጨት ድጋፍና በመኪና ክሪክ ከስር ደግፎ መያዝ ነው። «አሮጌው እንጨት ከእንግዲህ አይሸከምም፣ እሱን ራሱን ይሸከሙታል» አለኝ። ከላቀው ጋር ሆነው ስድስቱን ጉድጓድ በሦስት ቀን ጨረሱ፤ ሲሚንቶውንም ሞሉ። ብረቱ ግን ከባሕር ዳር የሚመጣ ነበርና መንገድ ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል ስንል ሦስት ሳምንት ሆነ። እሱም ወደ አገሩ መመለሻ አጣ። እኔ ዘንድ ሰነበተ።

ልጄ፣ ያን ሦስት ሳምንት እንዴት ልንገርሽ። ሰው ቤቴ ውስጥ ነበረ። ሲያስነጥሰው ይማርህ የምለው ሰው፣ ከገበያ ስመለስ በሩን የሚከፍትልኝ ሰው። እጁ ሥራ አይፈታም፤ የግቢውን በር ማጠፊያ ቀየረልኝ፣ የእናትሽን ድስት እጀታ በየደልኝ፣ ሲደክመው ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለ ፍርድ ቤት ዘመኔ ይጠይቀኛል። በመልሴ ሲስቅ ወጣት የሆንሁ ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም ነበር። ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ አይበላም። ና ስለው «እኔ ለብቻ ለምጃለሁ፣ ጋሼ» ይልና ድርሻውን ይዞ ደጅ ይወጣል። ትሕትና መሰለኝ።

ሰኔ ሁለት ቀን ብረቱ ገባ። ሰኔ አምስት ቀን ጠዋት ላቀውና ስድስት የሰፈር ሰዎች ተሰብስበው የመጀመሪያውን አግዳሚ ብረት አነሡ። ያለ አንዳች ችግር ቋሚዎቹ ላይ አረፈ። እኔ ዳር ይዤ እንድቀመጥ ነግረውኝ ነበር፤ ግን ቤቴ ነው፣ እንዴት እቀመጣለሁ? ውሃ ልኩን እኔ ልያዝ ብዬ መሐላቸው ገባሁ። ሁለተኛው ብረት ሲነሣ አንዱ ክሪክ የቆመበት መሬት ለስልሶ ኖሮ ሸርተት አለ። ከራሴ በላይ እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ቀና ለማለት ጊዜ አልነበረኝም፤ ደረቴን የሆነ ነገር ገፈተረኝና በጀርባዬ ወደቅሁ። አቧራው ሲገለጥ እኔ ቆሜበት በነበረው ቦታ ምስክር በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ የተሰበረው አግዳሚ ግራ ትከሻው ላይ ነው። አልጮኸም። ያለው ነገር ቢኖር «እሳቸውን አውጧቸው» ነው።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል አሉ። እሱን አስገብተው እኔን ከመጋረጃው ውጭ አቆሙኝ፤ ጃኬቱን ታቅፌ ቆምሁ። አንዲት ነርስ ስሙን፣ ዕድሜውን ትጽፋለች። «ባለትዳር ነህ?» አለችው። አዎ አላት። የባለቤቱን ስም ጠየቀችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት።

ያቺን ስም በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ።

የአባትሽን ስም ጠየቀችው።  «እጅጉ» አለ፤ የእኔን ስም።

ጃኬቱን ታቅፌ እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ልጄ፣ ሰባት ዓመት ነው በአንድ ጊዜ የመጣብኝ። ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆመው «የገበዝ ማርያሙ የብረት ሠሪው የአለበል ልጅ ነው፤ ሙያ አለው፣ ጨዋ ነው፣ ልጅዎም ታውቀዋለች» ያሉኝ ቀን። አንቺ ከበሩ ኋላ ሆነሽ ትሰሚ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ከሰማሁ በኋላ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም። ስለ ዘራቸው ያን ጊዜ ያልሁትን ቃል እዚህ ወረቀት ላይ አልደግመውም፤ አንቺም አልረሳሽውም። እነዚያን ትልልቅ ሰዎች በሐምሌ ዝናብ አስወጣኋቸው። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። እናትሽ እስከ መኪናው ሸኘችሽ፤ እኔ ከመስኮት አየሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄ በደለችኝ እያልሁ ለሰው ተናገርሁ።

ከደጅ የበላው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ቢበላ፣ በኋላ ሳውቅ ተታለልሁ እንዳልል ፈርቶ ነው። እኔን ከራሴ ክፋት ሊጠብቀኝ ነው። ወለሉ ሊወድቅ ነው ብላ ያምሮት ነግራሽ ባልሽን እንደላክሽልኝም ገባኝ። መምጣት ስላልቻልሽ እሱን ላክሽ። በዚያ ሰዓት መግባትና መናገር ነበረብኝ። ግን መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና «ሻይ ላምጣልህ?» አልሁት። ያልሁት ይህን ብቻ ነው።

ቤት አመጣሁት፤ ክንዱን ባንገቱ አንጠልጥለውለታል። ማታ አንድ ትሪ አቀረብሁ። እንደ ልማዱ ሊነሣ ሲል «አንድ እጅ ያለው ሰው ብቻውን አይበላም» ብዬ ያዝሁትና በእጄ አጎረስሁት።  ዓይኑን ከትሪው አላነሣም። ያወቀ ይመስለኛል፤ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። በስልክ «ብረቱ ዘግይቶብኝ ነው» ሲልሽ ሰምቼዋለሁ። እንዳትጨነቂበት ነውና አትቆጪው።

ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን «ቡሬ ለቅሶ አለብኝ» ብዬ ዋሸሁትና ገበዝ ማርያም ወጣሁ። የአለበልን ቤት ስጠይቅ ሰዎቹ ከከተማው ወጣ ያለች ብቻዋን የቆመች ቤት አሳዩኝ። ከሌላው ቤት ለምን እንደራቀች አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁ። ዝናቡ ያካፋ ነበር። ሽማግሌው አለበል ደሳሳ ዳስ ስር ተቀምጠው ማረሻ ይመታሉ፤ ባለቤታቸው ወናፉን ትነፋለች። ማን ልበል አሉኝ። «እጅጉ ነኝ፤ ከፍኖተ ሰላም» አልሁ። መዶሻው ቆመ። ከዚያ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ ብለው ይመስለኛል፣ መምታታቸውን ቀጠሉ። እኔም ዝናቡ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ማረሻውን ውኃ ውስጥ ነከሩትና «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ።

ይቅር ሳልባል አልቀመጥም አልኋቸው። ለልመና ነው የመጣሁት፣ ሽማግሌ ይዤ መምጣት ነበረብኝ፣ ግን በደሉን ብቻዬን ነው የሠራሁት፣ ልመናውንም ብቻዬን ላድርገው ብዬ ነው አልኋቸው።  ከዚያ ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። «የላክኋቸው ሽማግሌዎች በስብሰው ተመለሱ። አንደኛው ወንድሜ ነበር፤ እርስዎ የነገሩትን ቃል ይዞ ነው የሞተው። እኔ ይቅር ልልዎ እችላለሁ። እሱን ግን ወክዬ መናገር አልችልም።» እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ። ብድግ ብለው ብብቴን ይዘው አነሡኝ፤ የብረት ሠሪ ክንድ ነው፣ እንደ ሕፃን ነው ያነሡኝ። ቤት አስገቡኝ።

ጾም ነበርና ሽሮ ቀረበ። ባለቤታቸው መሶቡን ይዛ መሐል ቤት ቆማ ታየኛለች፤ እበላ እንደሆን ልታይ። በላሁ። በዋንጫቸውም ጠላ ጠጣሁ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳልቀምሰው የተነገረኝ የእነሱ ቤት ጠላ፣ ከማንም ቤት ጠላ የተለየ ጣዕም የለውም። እሷ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነበረ። ሦስት ሰው ነው ያለበት፤ ሁለቱን አወቅኋቸው። ቀርቤ አየሁት፤ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁት። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስወጣ ለልጃቸው ገና እንዳይነግሩት ለመንኋቸው፤ ቀድማ ልጄ ከእኔ ትስማ ብዬ። «ከእኔ አፍ አይወጣም» ብለው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። የወንድማቸውንም መቃብር አሳዩኝ። እዚያ ብቻዬን ጥቂት ቆምሁ።

ቀሪውን ሥራ ምስክር በአንድ እጁ ጨረሰው። ላቀው ይይዛል፣ እሱ ይበይዳል። ሦስቱም ብረቶች ገቡ። ድጋፉን አንድ በአንድ ሲያወጡ ወለሉ ቀስ ብሎ ወርዶ ብረቱ ላይ ሲቀመጥ ጋደም የሚል ሰው ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ላቀው ወደ ላይ ወጥቶ ዘለለበት፤ አልተንቀሳቀሰም። የክፍልሽ በር አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል።

ነገ ጠዋት መንገዱ ክፍት ስለሆነ ይሄዳል። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እሱ ነው። «አዴት አንዲት አስተማሪ ልጅ አለችኝ፣ አግኝተህ ትሰጥልኛለህ?» አልሁት። የትኛው ትምህርት ቤት እንደምታስተምሪ ሳይጠይቀኝ «እሰጣለሁ» አለ። ሲሄድ ልጄ ብዬ እንዳልሸኘው፣ ደግሞ ሳልለው እንዳይሄድ፣ ሁለቱንም እፈራለሁ። በግራ ጎኑ እንዳይተኛ። ከባድ ነገር እንዳያነሣ።

ነዪ አልልሽም፤ ነዪ ለማለት ፊት የለኝም። በድያለሁ። አንቺን፣ እሱን፣ አባቱን፣ በዝናብ የበሰበሱትን ሰዎች፣ ያለ አንቺ የሞተችውን እናትሽን በድያለሁ። ይቅር ካልሽኝ ግን ሌላ ሰው አትላኪ። መጥተሽ እንኳ ሳትናገሪ ብትቀመጪ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ረሳሁ። ትናንት የደረጃውን መደገፊያ ብረት ሲበይድ፣ ብረቶቹን ቀረብ ቀረብ አድርግልኝ፣ አርጅቻለሁና እግሬ እንዳይሾልክ አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከነገርሁት ይልቅ አጥብቆ አቀራረባቸው፤ በቡጢው ክፍተቱን እየለካ «እንዲህ ከሆነ ትንሽ ጭንቅላትም አያሾልክም» አለ። እኔ የነገርሁት ስለ እግሬ ነበር።

ገበዝ ማርያም ያየሁትን ፎቶ የጠበቀ አምላክ ሦስታችሁንም ይጠብቅ። ቤታችሁ ሰው አይጣ፣ ምድጃችሁ አይብረድ። ልጅ ያስለቀሰ አባት ምርቃት የሚደርስ ከሆነ ይድረስሽ።

አባትሽ